ሣሩ እስኪደርቅ

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰንሰል ዳር፣ ማንኩሳ አጠገብ

ለወንድሜ ልጅ ለሜላት አድማሴ፣ ካምፓላ

በጃቢ ጠህናን ወረዳ እንደ እኔ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አልተወለደም። ይህን ስል ቄሶቹንና የቢሮ ሰዎችን አላስገባሁም፤ እነሱ ሥራቸው ነው። በማታ ትምህርት ካለነው ውስጥ ማለቴ ነው፤ እሱም ከወንዶቹ። ከሴቶቹ አንዲት ባልቴት ሳይበልጡኝ አይቀሩም። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ግን መምህርት ዮርዳኖስ እኩል ናችሁ ብላ ሁለታችንንም አንደኛ አድርጋናለች።

እንደምን ከረምሽ ልጄ? አየሩ ተስማማሽ? ሰዉስ ደግ ነው? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤንም ያመመኝ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የልጆች ወንበር ላይ እየተቀመጥኩ ነው።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። የአገሩ ስልክ ከተቋረጠ ቆይቷል፤ መንገዱም ሦስት ሳምንት ተዘግቶ ነበር። ደብዳቤሽ ቡሬ፣ በነጋዴው በያህያ ሱቅ፣ ከበርበሬ ጆንያ ሥር ከርሞ ነው የደረሰኝ። እያስነጠሰኝ አነበብኩት። ማንም አልረዳኝም። ያህያ ይህንንም አዲስ አበባ ላለችው ጓደኛሽ አደርሳለሁ ብሏል፤ ከዚያ ወዲያ በአውሮፕላንም ይምጣ በእግሩ የእናንተ ጉዳይ ነው።

«እናቴ የላከችልኝ ወሬ እውነት ነው ወይ» ላልሽኝ፣ እውነት ነው። እኔና አባትሽ ከአምና ጥር ጀምሮ አንነጋገርም። ሦስት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ነው፤ ጋሼ እያልኩ ነው ያደግሁት። አሁን በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ ሲያየኝ በሌላው በር ይገባል።

የወንዛችንን የሰንሰልን ሕግ ጻፍልኝ ላልሽኝ ደግሞ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ ለትምህርት ስለወጣሽ አታውቂውም፤ ስለዚህ ልብ ብለሽ አንብቢ። ወንዙ መጀመሪያ የሚደርሰው ከእኔ ማሳ ነው። እኔ ራስጌ ነኝ፣ አባትሽ ግርጌ ነው። ከእሱ በታች ወንዙ ገደል ይገባል፤ ከዝንጀሮ በቀር የሚጠይቀው የለም። ራስጌ ያለ ሰው አዲስ ቦይ ሊያወጣ ሲያስብ፣ ሊቀድ ከፈለገበት ቦታ ሣር ያለበት እርጥብ ጓል ቆርጦ፣ በቀን ብርሃን ወስዶ፣ ግርጌ ባለው ሰው ደጃፍ ላይ ያስቀምጣል። ቃል አይናገርም። ባለቤቱ ካልተስማማ ጓሉን አንስቶ ወንዝ ይመልሰዋል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሣሩ እስኪደርቅ ድረስ ጓሉ ካልተነሳ ግን ተስማምቷል ማለት ነው። አያቶቻችን ወረቀት አልነበራቸውም፤ ሣር ነበራቸው።

አምና የበጋ ስንዴ ዝሩ ሲባል አዲስ ቦይ አስፈለገኝ። ጓሉን ቆረጥኩ፣ ወሰድኩ፣ አስቀመጥኩ። ሣሩ ደረቀ። አባትሽ ትንፍሽ አላለም። ቦዩን ቀደድኩ። ስንዴዬ ከወረዳው አንደኛ ወጣ፤ ከቀበሌው ማለቴ ነው። የእሱ ሽንኩርት ግን ጥር ላይ በቁሙ ደረቀ። የኔታ ሃይለ ሚካኤል ከሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡ። እኔን ጠየቁኝ፤ አስቀምጫለሁ አልኩ። እሱን ጠየቁት፤ አየኝና ዝም አለ። ለእኔ ፈረዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

ታረቁልኝ ብለሽ ለምነሻል። እኔ ዝግጁ ነኝ። ዘንድሮም ሽንኩርት ተክሏል፤ ውሃ ካላገኘ ያው እንደ አምናው ነው። የእሱንና የእናትሽን ጓዳ የሚሞላው ያ ሽንኩርት መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ምን ላድርግ? ሕጉ ከእኔ ጋር ነው።

አጎትሽ ገብረሰንበት፣ የማታ ትምህርት አንደኛ (እኩል)


ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰንሰል ዳር

ለልጄ ለሜላት

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ክፍል ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የእኛ ጓል ካምፓላ መግባቱን ሲሰሙ ባልቴቷ «እኛ ፍኖተ ሰላም ለመድረስ መንገድ ይከፈት እያልን ስንጸልይ ጓል ባሕር ተሻገረ?» አሉ። መምህርት ዮርዳኖስ ሳቀች። በእኔ ቀልድ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

አስተማሪሽ ጓሉን ሰምቶ ድገሚልኝ ማለቱ ደስ ብሎኛል። ስሜን ነግረሽዋል? ካልነገርሽው ንገሪው። አገሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ ያልሽው ግን ግማሹ ብቻ ነው የገባኝ። አንዱ አገር በወንዙ ላይ ሊሠራ ሲያስብ ከታች ላለው ማሳወቁ መልካም። መልሱን ስድስት ወር ይጠብቃል? ስድስት ወር ስንጠብቅ ስንዴው ዳቦ ሆኖ ይበላል። ጓላቸውን ፀሐይ ላይ ያድርጉት በያቸው።

ክፍል ውስጥ የራስጌ አገር ልጅ ተብለሽ፣ ከግርጌ አገር ልጆች ጋር ስትከራከሪ እንደምትውዪ ጽፈሻል። እኔን ወክለሽ ነዋ፤ በርቺ። «ቤቴ ግን ግርጌ ነው» ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እሱን ለክፍሉ አላነበብኩም።

አባቴ ጓሉን በእርግጥ አይቶታል ወይ ላልሽኝ፣ አይቶታል። ማክሰኞ ነበር። ከበሩ በስተግራ፣ ሞፈሩን ከሚያቆምበት ሥር ነው ያኖርኩት። ቀይ ዶሮ መጥታ ሣሩን መጫር ስትጀምር እሽ ብዬ አባረርኳት። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጊያለሽ? ዶሮዋን እንዳትጠሪ፣ ለፋሲካ ታርዳለች።

ውሃውን አካፍለው ያልሽውን አድርጌአለሁ። አንድ ቀን ለእኔ አንድ ቀን ለእሱ ላውርድ ብዬ በእናትሽ በእህተ ማርያም ላክሁበት። እህተ ማርያም መልሱን ስታመጣልኝ ዓይኔን አላየችም። «ተራዬን እንጂ ስጦታ አልወስድም ብሏል» አለችኝ። ተራውን ሽማግሌ ለእኔ ፈርዶታል፤ እኔ ከድርሻዬ ልስጥህ ማለቴ ነበር። እሱ ግን እንዲህ ነው። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል፤ ከእኔ አጥር ይታያል።

አንቺ ጻፊለት። የእኔን አይሰማም፣ የአንቺን ይሰማል። ማስታወቂያ ደርሶት ዝም ያለ ሰው በመጽሐፋችሁ ምን እንደሚባል አብራርተሽ ጻፊ።

የአባትሽን ሳል በተመለከተ፣ ብርድ ነው ይላል። ለእኔ አይደለም የሚለው፤ ለእናትሽ ሲል በአጥር ሰምቼ ነው።

አጎትሽ ገብረሰንበት


ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ካምፓላ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአያ ገብረሰንበት

እንደምን ከረሙ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ስምዎን ነግሬላቸዋለሁ። አስተማሪዬ በትክክል ለመጥራት ሦስት ጊዜ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ «ሚስተር ገብሬ» ብለው ተገላገሉ። እንግዲህ ይቻሉት።

የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ምን እንደሆነ ለክፍልዎ እንዲያስረዱ ባጭሩ እነሆ፦ ወንዝ የሚጋሩ አገሮች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት አንዱ ለሌላው የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው ወይ የሚል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አለባቸው ይላል፤ አገራችን ግን አልፈረመችውም። በእኛ ተፋሰስ ባለፈው ጥቅምት በሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ውስጥም ግብፅና ሱዳን የሉበትም። ስለዚህ እዚህ ክፍል ውስጥ ሁላችንም አለን የምንለው ሕግ የየቤታችን ነው። የእኔ ጽሑፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ በሰንሰል ይጀምራል። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ፈታኞች ፊት ቆሜ እከራከርበታለሁ።

ለአባዬ የጻፍኩትን እዚሁ ውስጥ አጥፌዋለሁ። እባክዎ እርስዎ ራስዎ ያንብቡለት። ዲያቆን እንዳይልኩብኝ። አንዳችሁ የሌላችሁን ድምፅ እንድትሰሙ ነው የፈለግሁት።

የወንድምዎ ልጅ ሜላት

«ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን አለህ? ሳልህ ተሻለህ? ጋቢህን ከትከሻህ አታውርድ።

አባዬ፣ እዚህ የምማረው ብዙ አገር አቋርጦ የሚሄድ ውሃ የሚዳኝበትን ነው። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ የሚለው ግን እቤት የማውቀው ነው። ውሃውን በፍትሕ ተካፈሉ፤ ከመቆፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ ይላል። አያ ገብረሰንበት ተናግረዋል። ጓሉን ደጃፍህ አምጥተዋል። አንተ ዝም አልክ። ማስታወቂያ ደርሶት በጊዜው መልስ ያልሰጠ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ሊቀየም መብት የለውም። ይህን የምልህ ደፍሬህ አይደለም፤ ሕጉን ስላነበብኩ ነው።

ይህ ማለት ግን ራስጌ ያለው ሰው እንዳሻው ይጎዳል ማለት አይደለም። አያም ይህ ገብቷቸው እናካፍል ብለዋል። ውሰድ። ተራ ነው ስጦታ ነው ብለህ አትለይ፤ ሽንኩርቱ አይለይም። አምና አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የምትወድህ ልጅህ ሜላት»


የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰንሰል ዳር

ለልጄ ለሜላት

እንኳን ደስ አለሽ። እርቅ ወርዷል። ወዲያው እንዳነበብሽው ለአስተማሪሽ ንገሪ፤ ሚስተር ገብሬ ታረቀ በይ።

ደብዳቤዬ ሲነበብ እንዴት ሆነ ላልሽው። እቤቱ መግባት አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ በሽንኩርቱ መካከል ሲኮተኩት አይቼ፣ ከወንዙ በእኔ በኩል ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «ደብዳቤ መጥቷል» አልኩ። ለማን እንደሆነ አልተናገርኩም። እሱም ወደ እኔ ሳያይ፣ ለወንዙ የሚነግር ይመስል፣ «ይነበብ» አለ። ዶማውን ጣለና በእሱ በኩል ተቀመጠ። አነበብኩለት። አንድም ቦታ አልተንተባተብኩም። ነጥብ ያለበት እያረፍኩ፣ ድምፄን እያነሳሁ እያወረድኩ፣ መምህርት ዮርዳኖስ ብትሰማኝ ባልቴቷን ሁለተኛ ታደርጋቸው ነበር።

ያለውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ዋናው ግን በማግስቱ ጠዋት ዶማውን ይዞ መጣ። የቦዬን አፍ በድንጋይና በሣር ደፈነ፤ ውሃው ወደ እሱ ወረደ። ማታ ላይ መልሶ ከፈተልኝ። እንዲህ እያልን ይኸው ሁለት ሳምንታችን። ሲደፍን እንኳ አስተካክሎ ነው የሚደፍን፤ እኔ የደፈንኩት ሲያንጠባጥብ ይውላል፣ እሱ እሱንም ይጠግንልኛል። ሽንኩርቱ ቀና ብሏል። ሰላም እንባባላለን። አንድ ቀንም የትምባሆ ቆርቆሮዬን ጠይቆ ወስዶ መልሷል።

ስለ ጤናው ለጠየቅሽው፣ ፍኖተ ሰላም ወስደን አሳይተነዋል። ምርመራ አድርገዋል። ዕረፍት ያስፈልገዋል ተብሏል። መቼም ታውቂዋለሽ፣ ዕረፍት የሚባለውን ነገር በሰንበት ብቻ ነው የሚያውቀው። አንቺ አትጨነቂ። ሚያዝያ እየደረሰ ነው፤ መጽሐፍሽን ያዢ።

አጎትሽ ገብረሰንበት


መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰንሰል ዳር

ለልጄ ለሜላት

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እናትሽ እህተ ማርያም ሰላም ብላሻለች። የኔታ ሃይለ ሚካኤል ሰላም ብለውሻል። መምህርት ዮርዳኖስ፣ ባልቴቷ፣ ያህያም ሰላም ብለውሻል። ያህያ ደብዳቤሽን በሰው አልላከውም፤ ራሱ ከቡሬ ይዞት መጥቶ፣ ግማሽ ቀን ከእኛ ጋር ተቀምጦ ተመለሰ።

ለምን ዘገያችሁ ላልሽው፣ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ሲከፈትም ሥራ በዛብን።

ሽንኩርቱ ተነቅሏል። ብዙ ሰው መጥቶ በአንድ ቀን ነቀለው፤ ራሱ ያማረ ነበር። እናትሽ ደህና ናት። ሰው አይለያትም፤ ባለቤቴም እዚያው ነው የምታድረው። ፀጉሯን አሳጥራለች።

አባቴ ለደብዳቤዬ ምን አለ ብለሽ ለሁለተኛ ጊዜ ጠይቀሻል። ለሁለተኛ ጊዜ ሌላ ቀን እልሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ቀልድ ቢጤ ልጽፍልሽ ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት። ወረቀቱ ቀዳዳ ያለበት ከዚህ የተነሳ ነው። አንቺ ፈተናሽን ብቻ አስቢ፤ ከፈተናሽ በፊት ደብዳቤ አትጠብቂ። ማርያም ትርዳሽ።

ገብረሰንበት


ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ካምፓላ

ይድረስ ለአያ ገብረሰንበት

የማጽናኛ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እህል ትቀምሻለሽ ወይ ላሉኝ፣ እቀምሳለሁ። እዚህ ያለው የአገራችን ሰዎች ማኅበር አባላት እየተፈራረቁ አብረውኝ ያድራሉ።

እንዴት አረዱሽ ላሉኝ ደግሞ፣ ለማኅበሩ ጽፈው እንዳዘዙት ነው ያደረጉት። ፈተናዬን ሐሙስ ጨረስኩ። ቅዳሜ ጠዋት ማልደው ስድስት ሆነው መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። አንዱ አባት «ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ። እኔ ግን አላስቸገርኳቸውም። ከመጋቢቱ ደብዳቤዎ ጀምሮ አውቄአለሁ። የሁሉንም ሰላምታ ጽፈውልኝ የአባዬ አልነበረበትም። ያን ደብዳቤ ሳጥን ውስጥ ቆልፌ፣ አላነበብኩትም ብዬ ራሴን አታልዬ ነው ወደ ፈተና የገባሁት። ስለዚህ ለምን ደበቃችሁኝ አልልዎትም፤ እኔም ተደብቄአለሁ።

ጽሑፌ አለፈ። ያሞገሱልኝ የሰንሰሉን ምዕራፍ ነው። የታችኛው ባለይዞታ ዝምታ እንደ ስምምነት የሚቆጠርበትን ቦታ። ከፈታኞቹ አንዷ፣ የሱዳን ሴት ናቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው «አባትሽ ግን ለምን ዝም አሉ?» አሉኝ። «ግትር ሰው ነው» ብዬ መለስኩ። ሁሉም ፈገግ አሉ፤ እኔም ፈገግ አልኩ። ሲሰላ እሱ ከተቀበረ ስድስተኛ ሳምንቱ ነበር።

የሐምሌውን በረራ ይዣለሁ፤ መንገዱ ከተከፈተ እመጣለሁ። እስከዚያ አንድ የለመንኩዎት ነገር ቀርቶብኛል። አባዬ ደብዳቤዬ ሲነበብለት ያለውን ምንም ሳይጨምሩ ይጻፉልኝ።

ሜላት


ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰንሰል ዳር

ለልጄ ለሜላት

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ደብዳቤ ለማንም አላነበብኩትም። ረድፉ ከተጣመመ እጄ ነው።

ሲነበብለት ምን አለ ላልሽኝ። ዝምታው ያለበት ቦታ ስደርስ «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት።

«ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል ነው የሚል?» አለ።

«ማስታወቂያ ደርሶት ዝም ካለ» አልኩ።

«ደርሶት» አለ እሱም። ሽንኩርቱን ሲያይ ነበር። «የየት አገር ሕግ ነው?»

«ወንዝ ያለው አገር ሁሉ።»

«ደህና ተምራለች። ልጄ ከፈረደች ውሃውን እወስዳለሁ።»

ይኸው ነው። ሌላ አልጨመረም፣ እኔም አልጨመርኩም። ስጦታ አልወስድም ያለ ሰው በአንቺ ቃል ስጦታ ወሰደ። ወንዙ በመካከላችን ነበር። በጥር ሰንሰል ሦስት እርምጃ አይሞላም። ተሻግሬ መናገር የሚገባኝን መናገር እችል ነበር። ያደረግሁትን ልንገርሽ? ደብዳቤሽን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና «ጋሼ፣ አነባበቤ እንዴት ነበር?» አልኩት። «ጥሩ ታነባለህ ገብሬ» አለኝ። በዓመቱ ስሜን የጠራኝ ያን ጊዜ ነው። ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

ሕመሙ ጉበቱ ነበር። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል በተኛ በአራተኛው ቀን እናትሽ ልብሱን ልታጥብ ወጣችና ሁለታችን ቀረን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሩን እያሸሁት «ጋሼ፣ ያ ጓል» ብዬ ጀመርኩ። እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣና አነሳ። አስቆመኝ።

«ተወው። ልጅቱ ፈተናዋን ትጨርስ። በሰንሰል ነው የጀመረችው አላልከኝም?»

«አዎ ብዬሃለሁ። ከፈተናዋ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ መጻፍ ታውቃለህ» አለኝ። ሊስቅ ሞከረ፣ ሳሉ ያዘው። መጋቢት ዘጠኝ ቀን አረፈ።

ፈተናሽን ጨርሰሻል። ያቺ የሱዳን ሴት ለጠየቀችሽ እኔ ልመልስላት። የሰንሰልን ሕግ ስጽፍልሽ አንድ ነገር ትቼብሻለሁ። ግርጌ ያለው ሰው ሽማግሌ ፊት «ጓል አልደረሰኝም» ካለ፣ ራስጌ ያለው ማርያም ደጅ ይወሰዳል። እጁን በሩ ላይ አድርጎ ይምላል። በሐሰት የማለ ሰው ልጁ አይዳርለትም፣ ሲሞትም ጉድጓዱን የሚቆፍርለት ዘመድ ብቻ ነው። ያን ቀን የኔታ አባትሽን ሲጠይቁት እንዴት እንዳየኝ አልረሳውም። እንደምምል ገብቶታል። እኔም እምል ነበር። ዝም ያለው ስለተስማማ አይደለም፣ ግትርም ስለሆነ አይደለም። ሽንኩርቱን ትቶ እኔን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ያላናገረኝ ከተናገረ ሌላ የሚለው ስለሌለው ይመስለኛል። ላንቺም መንገር ይችል ነበር። አንቺ ስትፈርጂበት እንኳ አላለም።

ቦዩን ባለፈው ሰኞ ደፍኜዋለሁ፤ ውሃው ሙሉ በሙሉ ወደ እናንተ ይወርዳል። ቅዳሜ ለየኔታ ነገርኳቸው። ቀጥዬ ለእናትሽ። ምስር ስትለቅም ነበር፤ እጇን አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለችኝ። «ያን ሰሞን ፈረስ ቤት ከተማ ሰርግ ሄደን ሳምንት ቆይተናል። ስንመለስ ደጃፌን እኔው ነኝ የጠረግሁት። ለሜላት እንዳልነግር አስምሎኛል።» እሷን ነው ያስማላት፣ ልጄ። እኔን እንዳልምል አድርጎ።

እንግዲህ ጽሑፍሽን አርሚው። ፈታኞችሽ የምረቃ ወረቀቱን ቢቀሙሽ ስሜን ጻፊላቸው፤ ሚስተር ገብሬ ሳይሆን ሙሉውን፣ ገብረሰንበት ብለሽ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ስለ ስንዴው የጻፍኩት እውነት ነው፤ የማታ ትምህርቱም፣ ወገቤም እውነት ነው። እምቢ ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ዶማዬን ይዤ ወደ ቦዩ እንጂ ወደ እሱ ቤት አልሄድኩም። ቀይ ዶሮ አላባረርኩም። ጓል አልቆረጥኩም፣ አልወሰድኩም፣ በወንድሜ ደጃፍ ላይም አላስቀመጥኩም።